የሠርክአዲስ ማጥቀሻ

ሠርክአዲስ ድንች ሻጭ ናት። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ጉልት ተቀምጣ ድንች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ድንቹ የሚመጣላት ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በላይ ካለው ከአባቷ አገር ነው። ለወንዳወቅ በተዳረች ጊዜ ሙሽራዋን ያመጣው አይሱዙ ከኋላው ድንች ጭኖ ስለነበር፣ «ከድንቹ ጋር የተጫነች» እያሉ ጎረቤቶቿ እስከ ዛሬ ይቀልዱባታል። እሷም አትቀየምም። በገበያው ስሟ ሲነሳ ግን ቀልድ ቀርቶ ሌላ ነገር ይነገራል፤ የበሰበሰች ድንች ካለች ገዢው ሳያያት ራሷ አንስታ ትጥላታለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ለራሱ ምሕረት የለውም። ሌላው በማግስቱ የሚረሳውን ነገር እሷ ተሸክማው ትከርማለች።

ነገሩ የመጣው በኳስ ነው። ባሏ ወንዳወቅና ጎረቤታቸው ጁማ ኳስ የሚያዩት አብረው ነው። ጁማ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቤቱ ከነሠርክአዲስ ቤት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰናል። አንዱ የአርሰናል፣ ሌላው የማንቸስተር ደጋፊ በመሆናቸው እንጂ በሌላ ነገር ሲጣሉ ያያቸው የለም። ድሮ የሚያዩት ገበያው ዳር ካለው ዲኤስ ቲቪ ቤት ነበር። ሰዓት እላፊ ከመጣ ወዲህ ግን ሰው በየሰፈሩ መሰብሰብ ጀመረ፤ በእኛ ሰፈር ሰፊ ሳሎን ያለው ደግሞ ወንዳወቅ ነው። ጎረምሳውም ሽማግሌውም እዚያ ይታጨቃል።

ሰው ከተሰበሰበ መብላት አለ። መጀመሪያ ሰሞን ሠርክአዲስ ጥብስ ታቀርብ ነበር። ሁሉም እጁን ሲሰድ ጁማ ሻዩን ይዞ ቴሌቪዥኑን ብቻ ያያል። ያገራችን ወግ የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሰርግና በለቅሶ፣ በዕቁብና በዕድር አብሮ ይውላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ይለየዋል። በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ሙስሊሙ አይቀምስም፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያኑ አይነካም። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ሠርክአዲስን ግን፣ በቤቷ አንዱ ሲበላ ሌላው ሻይ ይዞ ሲቀመጥ ማየት አላስችል አላት። ስለዚህ ኳስ ባለ ቀን ከቤቷ ሥጋ የሚባል እንዳይቀርብ ወሰነች። ወንዳወቅ ትንሽ አጉረመረመ፤ ሰሚ አላገኘም።

በምትኩ የምታውቀውን ሠራች። ድንቹን ከነልጣጩ ትቀቅላለች፤ እየፈጃት ትልጠዋለች፤ በማማሰያው ጀርባ ትደቁሰዋለች። ቀይና ነጭ ሽንኩርቱን በቅቤ አቁላልታ፣ ትንሽ ወተት ጠብ አድርጋ፣ ድንቹን ትጨምርና እስኪላላ ታማስለዋለች። ከላይ አይብና የተከተፈ ቃሪያ ትበትንበታለች። በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን መሀል ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ትኩስ ዳቦ ይደረደራል፤ ሁሉም እየቆረሰ ያጠቅሳል። ስሙም ማጥቀሻ ተባለ። ወንዳወቅ ቃል መጠምዘዝ ስለሚወድ፣ ሰው ወደ ቤታችን የሚመጣው ማጥቀሻችን እየጠቀሰው ነው ይላል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቅሰው ጁማ ነበር። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ እጁን ይሰዳል፤ ዳቦው ሳህኑን በራሱ ጊዜ ያገኘዋል። አንድ ቀን ጎል ሊገባ ሲል የወንዳወቅን ጉልበት አጥቅሷል፤ እስካሁን ይሳቅበታል። ሠርክአዲስ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ይህን ስታይ ከበላችው በላይ ትጠግባለች። በምን እንደተሠራ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ የቡሬ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ከገበያው መጀመሪያ የሚጠፋው ደህና ቅቤ ነው። ሠርክአዲስ ማጥቀሻውን በዘይት ሠራችው። ሰዉ በላ፤ ነገር ግን ወንዳወቅ «ዛሬስ የሆስፒታል ምግብ ነው የቀረበልን» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጁማ እንኳ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ሙያዋ የተነካባት ሴት ምን እንደምትሆን የማያውቅ ጎጃም አልኖረም።

በሳምንቱ እሑድ የሊጉ መዝጊያ ነበር። በዋዜማው ደግሞ ሠርክአዲስ የማርያም ማኅበር ተረኛ ነበረችና ዶሮ ሠርታለች። ማኅበርተኛው በልቶ መርቆ ከሄደ በኋላ የተረፈው ወጥ በድስቱ አድሯል። እሑድ ከሰዓት ድንቹ ተቀቅሎ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ እንግዶቹም መግባት ሲጀምሩ ቅቤ አሁንም የለም። የዶሮውን ድስት ከፈተች። በወጡ ላይ ቀይ ቅቤ ረግቶ ተኝቷል፤ ማንኪያ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

እዚህ ላይ፣ ሠርክአዲስ ሳታውቅ ነው ያደረገችው ብዬ ላድናት እችል ነበር። ታውቃለች። ዶሮዋን ያረደው ወንዳወቅ ነው፣ ያውም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በስመ አብ ብሎ። ቅቤው ከዶሮው ጋር ሲንተከተክ የዋለ ነው። ማንኪያውን ይዛ ከራሷ ጋር ተከራከረች፤ ቅቤ ቅቤ ነው፣ ሥጋ አይደለም፣ አጥንት የለው፣ ላባ የለው። ደግሞስ የሆስፒታል ምግብ ብለዋት የለ። ገፈፈችውና ሽንኩርቱን አቁላላችበት።

ድንቹ ቀላ፤ ሽታው ከጓዳው አልፎ ሳሎን ደረሰ። ያን ቀን ሳህኑ ተጠርጎ እንደገና ተሞላ። ወንዳወቅ ስለ ሆስፒታሉ ነገር በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ጁማ ዓይኑ ኳሱ ላይ እንዳለ፣ «ዛሬስ ቀላ ብሏል፣ ምን ነካው?» አለ።

«የቡሬ በርበሬ ነው» አለችው።

ውሸት አልነበረም። ዶሮው የተሠራው በቡሬ በርበሬ ነው። የባሰውም ይኸው ነው፤ ሰሙን ሰጥታ ወርቁን ደበቀችው። በእኛ አገር እንዲህ ያለው አነጋገር ያስመሰግናል፤ ሠርክአዲስ ግን ያችን ቃል ከአፏ እንዳወጣች ልትመልሳት ፈለገች። ጁማ ግን በዚህ መሀል አጥቅሶ ጎርሷል።

ጨዋታው ሲያልቅ ጁማ ከማጥቀሻው ትንሽ ለእናቱ እንድታደርግለት ጠየቃት። እናቱ እማማ ሙስሊማ መካ ደርሰው የመጡ፣ ከመስገጃቸው ብዙም የማይርቁ አሮጊት ናቸው፤ ጥርሳቸው ስለተጎዳ ለስላሳ ነገር ይወዳሉ። አልቋል እንዳትለው ሳህኑ ፊቱ ነው። በሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ሰጠችው። ሳህኑን ሳትለቅለት ስትቆይ አይቶ፣ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ እንጂ አላትና ሄደ።

በማግስቱ ሳህኑ ተመለሰ። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስምና እማማ ሙስሊማ ተምር ሞልተው ልከውታል። እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ ብለዋል አላት ጁማ በአጥሩ ላይ እያቀበላት። ሠርክአዲስ ተምሩን ልትበላው አልቻለችም፤ ለልጆቿም አልሰጠችም። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ጓዳ በገባች ቁጥር ከዚያ ሆኖ ያያታል።

ለባሏ ነገረችው። ወንዳወቅ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቆይቶ ግን በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፣ አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል አላትና ነገሩን እሱ ዘጋው። ለእሷ አልተዘጋላትም። ጉልቷ ላይ ተቀምጣ ድንች ስትመርጥ የበሰበሰች ካገኘች፣ ይችን ለማላውቀው ሰው አልሸጥም፣ ያን ግን ለማውቃቸው አበላሁ ትላለች በሆዷ። ያን ሰሞን ለጁማ ቤት የምትልከው ድንች ሁሉ ምርጥ ምርጡ ሆነ። ጁማ ነገሩ ገርሞት፣ ምነው እኛን ልትድሪ ነው እንዴ እያለ ያመሰግናታል። ባመሰገናት ቁጥር ፊቷን የምታደርግበት ታጣለች።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ገብረሰንበት ሄደች። አባ ሲሰሙ ግራ ገባቸው። ሙስሊም ያረደውን በላሁ ብሎ የመጣ ገጥሟቸው ያውቃል፤ ለእሱ የሚሰጡት ስግደት አላቸው። ክርስቲያን ያረደውን ለሙስሊም አበላሁ ብሎ የመጣ ግን በዘመናቸው አልገጠማቸውም። ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ ስግደቱን ብሰጥሽ ትሰግጃለሽ፣ ለሐጃዋ ግን ምን ያደርግላቸዋል፤ የበደልሻቸውን ሂጅና ለራሳቸው ንገሪ አሏት። ሠርክአዲስ ስግደቱ ይሻላት ነበር።

የፈራችው ቁጣ አይደለም። የፈራችው ለዚያ ሳህን ነው። ነገሩ ከታወቀ ጁማ ከዚያ ሳህን ዳግመኛ እጁን አይሰድም፤ ለእሱ ብላ ያቆመችው ማዕድ በገዛ እጇ ሊፈርስ ነው። ካልታወቀ ደግሞ በየሳምንቱ ሲያጠቅስ እያየችው ልትኖር ነው። እንዲያ አድርጋ መኖሩን ሞከረችው፤ አልሆነላትም።

ቅዳሜ የሌላ ዋንጫ ፍጻሜ ሊሆን ዓርብ ረፋዱ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጁማ ግቢ ገባች። ጁማ ሱቅ ነው። እማማ ሙስሊማ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ አጠገባቸው አስቀመጧትና ስለዚያ ድንች አነሱ። እንዲያ ያለ ነገር ከቀመሱ ዘመን አልፏል አሉ። ሠርክአዲስ ከመቀመጫዋ ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ምን ሁነሽ ነው ልጄ?»

«በድየዎታለሁ እማማ። ያን ድንች የሠራሁት ከዶሮ ወጥ ላይ በገፈፍሁት ቅቤ ነው። ዶሮው በእኛ ቢላዋ የታረደ ነው። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።»

እጃቸው ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ቀስ ብለው አነሱት። ከጭናቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ፈልገው ያዙ። ሠርክአዲስ ቢሰድቧት በወደደች።

«ሳላውቅ የበላሁትን አላህ ይተውልኛል» አሉ በመጨረሻ። «እሱስ አላሳሰበኝም። እኔ እኮ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ ብየሽ ነበር።»

ሠርክአዲስ አለቀሰች። እማማ ሙስሊማ አላባበሏትም፣ አላባረሯትምም። አልቅሳ ስትጨርስ ጁማ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አያውቅም ስትላቸው፣ የሱን ነገር ለእኔ ተይው ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው ድንቹን ቀቀለች። ጁማ ይምጣ አይምጣ አታውቅም። ቅቤ ዛሬም የለም፤ ዘይቱን አውጥታ ምድጃው ፊት ቆመች፤ ሽንኩርቱን ሳትጥል ቆየች። ሳሎኑ ሞላ። የጁማ ቦታ ባዶውን ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ወንዳወቅ አንዴ በሩን አንዴ ጓዳውን ያያል፤ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበታል። አንዱ እንግዳ፣ ጁማ የት ጠፋ፣ ቡድኑ ቀርቦ ባለቤቱ ይቀራል ወይ አለ። ወንዳወቅ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ኳሱ ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተና ጁማ ገባ። በእጁ ክዳን ያለው ማሰሮ ይዟል። ሰላምታውን ለሁሉም ሰጥቶ ሳሎኑን አቋርጦ ወደ ጓዳው መጣና ማሰሮውን አቀበላት። የተነጠረ ቅቤ ነው፤ ኮሰረቱ ከሩቅ ይሸታል። እናቱ ለክፉ ቀን ብለው ካስቀመጡት ነው።

«እናቴ ልካው ነው» አለ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ከዛሬ ጀምሮ የማጥቀሻው ቅቤ ከእኛ ቤት ነው።»

ሳሎኑ አጨበጨበ። ለሐጃ ዕድሜ ይስጣቸው፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት አያሳጣን ተባለ። እንግዶቹ የሰሙት ሰሙን ነው። ወርቁ የገባው ለሠርክአዲስና ለባሏ ብቻ ነው፤ ይቅር ብለዋታል፣ ቅቤዋን ግን ከእንግዲህ አያምኑም። ጁማ ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ።

በዚያ ቅቤ ሠራችው። እንባዋ እንዳይገባበት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አማሰለችው። ሳህኑን መሀል ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳው በር ተመለሰች። ጁማ ዳቦ ቆረሰ፤ አጠቀሰ። ከመጉረሱ በፊት ግን ቀና ብሎ አያት። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ የሚጠይቅ አስተያየት ነበር። እሷም ራሷን በአዎንታ ነቅንቃ፣ ብላ አለችው። ጎረሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ኳስ ታይቷል። መንገዱም ተከፈተ፤ ገበያው ላይ ቅቤ ሞላ። ጁማ አንድም ቀን አልቀረም፤ ከእናቱ ቤት የሚመጣው ማሰሮም አልቀረም። ሠርክአዲስ አሁንም ሳህኑን አስቀምጣ ከጓዳው በር ላይ ትቆማለች። እሱ አጥቅሶ ቀና ይላል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቅለታለች፤ ከዚያ ይጎርሳል። ድሮ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ነበር የሚያጠቅሰው።