ባለጎማ ቤት የመረጥኩበት ዓመት

ቴምፕል በሚባል ሰፈር ዘጠኝ ዓመት የኖርንበትን ቤት አከራያችን ሊሸጠው መሆኑን የነገረኝ በስልክ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። «ሦስት ወር እሰጣችኋለሁ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ስገባ ባለቤቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የእናቷን የእግር ጥፍር ትቆርጣለች። አማቴ ጭንቅላታቸውን ሶፋው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አልነገርኳቸውም። ሦስት ቀን ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነበርን። እኔ የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ጠዋት ወደ ሰሜን ወጥቼ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ባለቤቴ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀን የሰው እናት ታጥባለች፣ ማታ የራሷን። አማቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ጆሯቸው ከብዷል፣ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጭንቅላታቸው ግን ከእኔም ከልጃቸውም የተሻለ ይሠራ ነበር። የእኔን ሺፍት እንኳ ከእኔ በላይ የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ።

ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ ቤት ፍለጋ ገባን። የምናየው ሁሉ ወይ ከመሬት በታች ያለ ቤዝመንት ነው፣ ወይ እኛ ሳንደርስ ተይዟል። አንዱ ቤት በር ላይ እንደ እኛ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ተሰልፈው አገኘን። ባለቤቴ ከመኪና ሳትወርድ «ተወው፣ እንመለስ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ሰው «እኔ የምኖርበትን መጥተህ ለምን አታይም?» አለኝ። ሰውየው የሚኖረው ፊፍዝ ዊል ውስጥ ነው። በፒክአፕ የሚጎተት ትልቅ ተጎታች ቤት ነው፤ የፊት ክፍሉ ከፍ ብሎ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፣ መኝታ ቤቱም እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ሳሎን አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ ሻወር አለው። አንድ ቁልፍ ሲጫን ግድግዳው ወደ ውጭ እየተገፋ ይወጣና ቤቱ ይሰፋል። ቁልፉን ራሴ እንድጫነው ፈቀደልኝ። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

ለምን እንደዚያ ልቤ እንደተነሳ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። እኔ የተከራይ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ዕቃችን ጋሪ ላይ ሲጫን ቆሜ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። አባቴ በየግቢው ለአከራይ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቻለሁ። «ውጣ» የሚለኝ ሰው የሌለበት ቤት፣ ውጣ ቢለኝም እንኳ ይዤው የምሄደው ቤት፣ ይኸው ተገኘ ብዬ አሰብኩ።

ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኳት።

«ቤቱስ ያንተ ይሁን፤ የሚቆምበት መሬትስ የማን ነው?» አለችኝ።

«ቦታ ይከራያል። ክረምት ከበጋ ክፍት የሆነ፣ ተጎታች ቤት የሚቆምበት ካምፕግራውንድ ከከተማ ወጣ ብሎ አለ።»

«ስለዚህ መከራየታችን አልቀረም። እማዬስ?»

«የራሳቸው ክፍል ያለው እንፈልጋለን።»

«እንደፈለግህ» አለች። ከሃያ ዓመት በላይ አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ያቺ ቃል ከእሷ አፍ ስትወጣ እሺ ማለት እንዳልሆነች አውቃለሁ። እሺ እንዳለችኝ አድርጌ ግን ወሰድኩት።

መጀመሪያ ያየነው ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ገና በሩ ሲከፈት የሽቶ ሽታ ገፈተረን። ባለቤቴ በጫማዋ ጫፍ ሻወሩ አጠገብ ያለውን ወለል ጫን ጫን አደረገችው፤ እንደ እርጥብ ካርቶን ገባ። ውሃ ከሥር በልቶታል። ዞር ብላ ወጣች። ሁለተኛው ለእኔ ፒክአፕ ከአቅም በላይ ከባድ ነበር። ሦስተኛውን ያገኘነው ኮክረን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው።

ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ አምስት ዓመት ኖረውበታል። ያን ቀን አማቴንም ይዘናቸው ሄድን። የተጎታቹ የኋላ ክፍል በር ያለው ትንሽ መኝታ ቤት ነው፤ አንድ አልጋና ወደ ተራራው የሚያሳይ አንድ መስኮት አለው። አማቴ ብረቱን ይዘው አራቱን ደረጃ በሁለት እረፍት ወጡና አልጋው ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው ፍራሹን ደበደብ አደረጉት፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩ፤ በመጨረሻ በሩን ትኩር ብለው ተመለከቱት።

«ስሞት በየት በኩል ነው የምታወጡኝ? ይኼ በር አያሳልፍም» አሉ።

እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀችም።

እኔና ሽማግሌው ውጭ ጎማውንና ማያያዣውን ስናይ አሮጊቷ ባለቤቴን ውስጥ ይዛ ቀረች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴ የሰማችውን ነገረችኝ። ክረምትም ቢሆን የጣራው መተንፈሻ ትንሽ ክፍት ይሁን ብላታለች። በማብሰያው ምድጃ ቤት እንዳታሞቂ ብላታለች። የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ ያለቀስኩት እዚሁ ወንበር ላይ ነው ብላታለች።

እኔ ልቤ ፒክአፑ ላይ ስለሚገጠመው ማያያዣ ያስባል። «አርጅታ ነዋ፣ ብርድ አልቻለችም» አልኳት። ተወልዳ ያረጀችው እዚሁ አገር መሆኑ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ገዛነው።

መስከረም ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ካምፕግራውንዱ ዳር ያሉት ዛፎች ቢጫ ሆነው አማቴ ከበሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሁሉ እጁን ያወዛውዝላቸዋል፤ እሳቸውም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው መልሰው እጅ ይነሳሉ። ባለቤቴ ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች የት እንደገባን አልተናገረችም። «ወደ ምሥራቅ በኩል ቀየርን» ብቻ ትላለች። አንድ እሑድ አንዷ ጓደኛዋ «መቼ ነው ቤት የምትጠሪን?» ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። «ዕቃው ገና አልተስተካከለም» አለቻት። ዕቃው የተስተካከለው በአንድ ቀን ነበር፤ ከዕቃችን ሦስት አራተኛውን ለሰው ሰጥተን ነበር የገባነው።

ኅዳር ላይ ብርዱ መጣ። የተጎታቹን ሥር ዙሪያውን በፎም ዘጋሁት፣ የውሃውን ቱቦ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ገመድ ጠመጠምኩበት። እንደዚያም ሆኖ ሁለቴ ውሃው በረዶ ሆነ። ከእኛ ትንፋሽና ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ፍራሻችንን ሳነሳው ሥሩ ረጥቧል። የማሞቂያው ሙቀት መጨረሻ የሚደርሰው የኋላ ክፍል ነው፣ አማቴ ጋ። ካፖርት ለብሰው ይተኙ ጀመር። ሲጠየቁ «አልበረደኝም፣ ካፖርቱን ስለምወደው ነው» ይላሉ።

ከጣራው መተንፈሻ ቀዝቃዛ አየር ሲወርድ በእጄ ይሰማኛል። ስፖንጅ ቆርጬ ጠቀጠቅሁትና በፕላስተር አሸግሁት።

«ሴትየዋ ክፍት ይሁን ብላለች» አለች ባለቤቴ።

«እና ሰማዩን እናሙቅ?» አልኳት።

ወለሉ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የጋዝ አላርም አለ። መተንፈሻውን ካሸግሁት በኋላ ምግብ በተሠራ ቁጥር መጮህ ጀመረ። አማቴ አይሰሙትም፤ እኔን ግን ጆሮዬን ይበሳኛል። ሽንኩርቱ ነው፣ እንፋሎቱ ነው አልኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከነሽቦው ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «አዲስ እገዛለሁ» አልኳት። አልገዛሁም። የዚያኑ ሰሞን ደግሞ ለአማቴ፣ ለደግነት ብዬ፣ ምድጃው እንዴት እንደሚበራ አሳየኋቸው። «እማማ፣ እኛ ሳንኖር ሲበርድዎት ይቺን ተጭነው ያዙሯት፤ ትንሽ ይሞቃል» አልኳቸው። ጣቴን ተከትለው ጥንቅቅ አድርገው ተማሩ።

ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳን ባለፈበት ቀን እኔ ዕቃ እያራገፍኩ ነበር። ባለቤቴ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መሥራት ነበረባት፤ መንገዱ እየከፋ ስለሆነ አለቃዋ ሰባት ሰዓት ላይ ሂጂ አለቻት። ያቺ ሴት ሂጂ ባትላት ኖሮ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን መታት። የምድጃው ሦስቱም እሳት ይነድዳል። እናቷ ሶፋው ላይ በጎናቸው ወድቀዋል፣ አስመልሷቸዋል፣ ፊታቸው ቀልቷል። ስትጠራቸው ዓይናቸውን ገልጠው በሟች እህቷ ስም ጠሯት። እንዴት ብላ ብቻዋን አራቱን ደረጃ እንዳወረደቻቸው እስከ ዛሬ አታውቀውም። በብርድ ልብስ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻቸውና አምቡላንስ ጠራች። ከዚያ ለእኔ ደወለች።

«እማዬን ሆስፒታል እየወሰዷት ነው። ና» አለችኝ። ምን ሆኑ ስላት ዘጋችው።

ስደርስ አማቴ የኦክስጅን ጭንብል አድርገዋል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ እንደሆነ፣ በታሸገ ቤት ውስጥ ከምድጃው እንደሚመጣ፣ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ እንደማይተርፉ አስረዳችን። ከዚያ «ቤታችሁ አላርም የለም?» አለች።

ባለቤቴ አየችኝ። እንድመልስ ቦታውን ለቀቀችልኝ።

«መሳቢያ ውስጥ ነው» አልኩ።

ሐኪሟ የያዘችው ወረቀት ላይ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም።

በማግሥቱ አማቴ ነቁ። መጀመሪያ የተናገሩት ነገር ይቅርታ ነው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሳቱን ሳላጠፋ እንቅልፍ ጣለኝ። አስደነገጥኳችሁ» አሉ። እኔ ግርጌያቸው ቆሜ «ምንም አይደል እማማ፣ ዋናው መትረፍዎ ነው» አልኩ። እንደዚያ ነው ያልኩት። ይቅርታ እንደሚያደርግ ሰው ሆኜ። ያን ቀን ጠያቂ በመጣ ቁጥር እሳቸው «በራሴ ጥፋት» ይላሉ፣ እኔ ወለሉን አያለሁ።

ኮሪደር ላይ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ጮክ አላለችም። «ዛሬ ንገራት። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ እኔ ከነገርኳት ግን አብረን አንኖርም» አለችኝ።

ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በዝቅታ «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው» አልኩ። ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ድምፄን ጨምሬ ደገምኩት። አሁንም ዝም ብለው ያዩኛል። በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሌሎች ሦስት በሽተኞች ሁሉ እስኪዞሩ ጮህኩ፤ መተንፈሻውን እንደደፈንኩ፣ አላርሙን እንደነቀልኩ፣ ምድጃውን እንዲያበሩ ያሳየኋቸው እኔ እንደሆንኩ፣ እየጮህኩ ተናገርኩ። በዚያ መሀል እንባዬ መጣ።

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ያዙ። «በመጀመሪያው ሰምቼሃለሁ ልጄ» አሉ። ይቅር ብያለሁም አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ተጎታቹ አልተመለሱም። ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የባለቤቴ አክስት ልጅና ባሏ መሬት ላይ ያለ አንድ ክፍል ለቀቁላቸው፤ ባለቤቴም አብራቸው ገባች። ያን ጊዜ ነው የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ የት እንኖር እንደነበር ያወቀው። ማንም ፊቴ ላይ ክፉ አልተናገረኝም። ሾርባ በቴርሞስ ይዘው የመጡልኝ አሉ።

እኔ እስከ ሚያዝያ ብቻዬን እዚያው ቆየሁ። አላርሙን መልሼ ገጠምኩት፣ ስፖንጁን አወጣሁት፣ በረደኝ። ባለቤቴ በሳምንት አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጥና ስለ እናቷ ቀጠሮ፣ ስለ መድኃኒቱ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ስትወጣ «ቤት አግኝቻለሁ፣ ፈርሜያለሁ። አንተም ና» አለችኝ። አይተኸው ትፈልገው እንደሆነ አላለችም። እኔም አይቼው ልወስን አላልኩም።

አሁን የምንኖረው እዚያው ሞንተሬይ ፓርክ፣ ደረጃ የሌለው አፓርትመንት ውስጥ ነው። ተጎታቹን ዋጋ ሰብሬ ሸጥኩት። አከራያችን ኪራይ ሲጨምር ወይም ደብዳቤ ሲልክ ደብዳቤውን የምትከፍተው ባለቤቴ ናት፤ አንብባ ስትጨርስ ምን እንደሚል ትነግረኛለች። ስለዚያ ክረምት አንነጋገርም። አብረን እንስቃለን፣ እንጸልያለን፣ ገበያ እንሄዳለን፤ አንዳንዴ ግን አንድ ነገር እንዲህ ብናደርገውስ ብዬ ስጀምር ፊቷ ላይ የሚያልፍ ነገር አለ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ እተወዋለሁ።

አማቴ መርሳት ጀምረዋል። የእኔን ሺፍት ከእኔ በላይ ያስታውሱ የነበሩት ሴት አሁን ቀኑን ይጠይቁኛል። አሁን የሚከታተላቸውን ሐኪም ለብቻው አግኝቼ፣ ይህ ከዕድሜ ነው ወይስ ከዚያ ቀን ብዬ ጠየቅሁት። «እንዲህ ነው ማለት አልችልም፤ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ለባለቤቴ መጠየቄን አልነገርኳትም። እሷም ጠይቃው እንደሆነ አላውቅም።

ትናንት ከሥራ ስገባ አማቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉኝ። «ሐሙስ ነው እማማ» አልኩ። ጫማዬን ሳወልቅ ደገሙት፤ ሐሙስ ነው አልኩ። እጄን ታጥቤ አጠገባቸው ስቀመጥ እንደገና ጠየቁኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ ሐሙስ ነው አልኳቸው።