አሥራ አራት ቀንና የባቲ መንገድ

መጀመሪያ ያመመኝ ወገቤን ነው። የብስክሌቱ ኮርቻ ነው ብዬ ተውኩት። ቀን የስፌት መኪና፣ አመሻሽ ላይ ፔዳል የሚረግጥ የከሚሴ ልብስ ሰፊ ወገቡን ቢያመው ምን ይገርማል? ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ያንን ብስክሌት ገዝቼ እስከ ጨፋ ሮቢት ደርሶ መልስ ስለማመድ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ሐሳብ ነበረኝ። እናቴ ከከሚሴ ለገበያ ሄዳ የወለደችኝ ባቲ ገበያ ውስጥ፣ ከመውሊድ ቀጥሎ በዋለው ሰኞ ነው። አሁን እዚያው ባቲ ከእህቴ ጋር ትኖራለች። አርባ ዓመት በሚሞላኝ ሰኞ በብስክሌት ልደርስላት ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከዚያ ብርዱ መጣ። በቆላ፣ በጠራራ ፀሐይ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሦስት ጋቢ ደረቡብኝ። አልሞቀኝም። ቀጥሎ ትኩሳቱ። ባለቤቴን ፋጤን "አንቺ ማነሽ?" አልኳት።

የክሊኒኩ ድሬሰር ደሜን መርምሮ "ወባ ነው" አለኝ። "ክሎሮኪኑን ሦስት ቀን፣ ፕሪማኪኑን አሥራ አራት ቀን ትውጣለህ። ትኩሳቱ ቢለቅህም ወባው ሰውነትህ ውስጥ ተደብቆ ይቆያልና እንዳታቋርጥ።"

ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ወዳጃ ተቀመጡ፤ ዱዓ አደረጉልኝ። በአራተኛው ቀን አላበኝ፣ ራበኝ፣ ተነሳሁ። ዱዓው ሰመረ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ አሊ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ አገር ያለን ነገር ለታመመ አለማካፈል ነውር ነው። የቀረኝን ፕሪማኪን ከነወረቀቱ ሰጠሁትና ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ያ ደግነት ሊገድለን ነበር።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከጨፋ ሮቢት ስመለስ ብርዱ መንገድ ላይ ያዘኝ። ወደቅኩ። መነሳት አቃተኝ። ገበያተኞች በግመል ጭነው አመጡኝ። እናቴ መርዶዬን ስትሰማ ታየኝ። ፈራሁ። አሊም አልዳነም ነበር።

ድሬሰሩ "የአንድ ሰው መድኃኒት ለሁለት ተካፍላችሁ ሁለታችሁም ሳትድኑ ቀራችሁ" አለን። የባሰ የገሠጹኝ ግን ወዳጃውን የመሩት ሼህ ናቸው።

"አብሽር፣ ትድናለህ። ግን እኛ ዱዓ ያደረግነው ኪኒኑን እንድትተው ነው እንዴ? የመዳኛ ሰበቡንም የሰጠህ አላህ ነው።"

ድሬሰሩ ለእኔም ለአሊም ለየብቻ አዲስ ኪኒን ሰጠን። ሼሁም አሥራ አራቱንም ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ እየመጡ፣ እኔና አሊ ኪኒናችንን ስንውጥ ቆመው ያዩ ነበር። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ ደጃፍ፣ ቀጥሎ ግድግዳ እየያዝኩ እስከ መስጊድ፣ ጉልበቴ ሲመለስ ደግሞ ብስክሌቱን እየገፋሁ እስከ ወንዙ ሄድኩ፤ በመጨረሻም ፋጤ በፍትፍት እያደለበችኝ ሁለት ጊዜ ኮምቦልቻ ደርሼ ተመለስኩ።

ሰኞዋ ደረሰች። ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ፤ የኮምቦልቻን ዳገት እያለከለክሁ ገፍቼ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ጨብጬ ወርጄ፣ ገበያው ሳይበተን በግመሎቹ መሀል ደወሌን እያቃጨልኩ ባቲ ገባሁ። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችኝ።

"ያኔ ከዚህ አዝዬህ ከሚሴ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል" አለች። "አንተ ባንድ ቀን መጣህልኝ።" ያን ያህል ተደስቼ አላውቅም።

ድሬሰሩን፣ ሼሁንና ፋጤን አላህ ይስጥልኝ። ወባ ይዞህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብለህ ኪኒንህን አታቋርጥ። ጎረቤትህ ከታመመም ከኪኒንህ አታካፍለው፤ ክሊኒክ አድርሰው። እኔ ስንቱን በብስክሌቴ ኮርቻ አስቀምጬ እየገፋሁ አድርሻለሁ። ዛሬ ከሚሴ ውስጥ በዚህ ብስክሌት የሚስቅ የለም።