ሲመጣም እንዲህ ነበር

እትዬ ሳሙና ከላውንድሪ ቤቷ ባንኮኒ ጀርባ ስንት ዘመን ስትቆም አንድም ቀን "አጠፋሁ" ብላ አታውቅም። ቁልፍ ቢጠፋ፣ እጅጌ ቢተለተል፣ የአባወራ ሱሪ አጥሮ የልጅ ሱሪ ቢሆን፣ ልብሱን ወደ መብራቱ ከፍ ታደርግና ዐይኗን ጠበብ አድርጋ፣ "ሲመጣም እንዲህ ነበር" ትላለች። አለቀ። ደንበኛው ቢቆጣ፣ ቢምል ቢገዘት፣ ያው ናት። ሰው ደግሞ ነገር እንዲህ በሙሉ ልብ ሲነገረው ራሱን ይጠራጠራል፤ የገዛ ሱሪውን እንደ አዲስ እያገላበጠ፣ "ነበረ እንዴ?" እያለ ይወጣል።

ግፍ እንዳይሆንብን ግን፣ እጇ እጅ ነው። ዘይት ትላለህ፣ ዝገት ትላለህ፣ የእስክሪብቶ ቀለም፣ ምኑ ቅጡ፣ ከጨርቅ ላይ ታስለቅቀዋለች። እድፍ ካየች እረፍት የላትም። አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት ልትጠይቅ ሄዳ፣ ሰውዬው ሕመሙን ሲያወራላት እሷ ጎንበስ ብላ የአንሶላውን ጫፍ በምራቋ ስታሽ ተይዛለች። ስሙንም ያኔ ነው የሰፈሩ ሰው ያወጣላት።

ባሏ ከመጋረጃው ጀርባ ካውያ ይዞ የሚውል ዝምተኛ ሰው ነው። ያቺን የታወቀች ቃል ስትናገር በሰማ ቁጥር፣ እውነቱን ልቅም አድርጎ እያወቀ፣ ካውያውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳርፎ "ችስስ" ያሰኘዋል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ምነው ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ዝም አይነቅዝም።"

ቡችላውን ያመጣው ይሄ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ የሙቅ ውሃ ቧንቧው በሚያልፍበት ግድግዳ ሥር አንዲት የሰፈር ውሻ ወልዳ ነበር። እናቲቱን መኪና ገጫት። ደህና ደህናዎቹን ቡችሎች ሰው ወሰዳቸው፤ አንድ ኮሳሳ ቀረ። ባልየው ባለቤቱ ሳይመጣለት በቀረ አሮጌ ፎጣ ጠቀለለውና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

"ቡችላ።"

"ቡችላ መሆኑንማ ዐይን አለኝ! እዚህ ምን ይሠራል ነው የምልህ። እድፍ በእግሩ ሄዶ መጣ በለኛ!"

እንዲህ ያለችው ሴትዮ ምሳ ሳይደርስ በሽርጧ ኪስ ይዛው ትዞር ጀመር። ስሙም ከዚያው ወጣለት፤ ኪሴ። የተተኮሰ አንሶላ ሲነኩባት ጣሪያ የምትነካ ሰው፣ ቡችላው ከሞቀው አንሶላ ላይ ወጥቶ ሲተኛ አይታ፣ "ተወው ይተኛ፣ እንደገና አጥበዋለሁ" አለች። ባሏ ካውያውን አቁሞ አያት። ልጃቸው አግብታ ርቃ ከሄደች ወዲህ በዚያ ቤት ማንም እንዲህ ተሞላቅቆ አያውቅም። ወደደችው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ኪሴ ግን መተኛቱን እንጂ መንቃቱን አላወቀበትም። ወተት ሲቀርብለት አንድ ሁለቴ ልሶ ጭንቅላቱን ይደፋል። "ክትባትም አልተከተበ፣ ሐኪም ይየው" አለ ባልየው። ከመንገዱ ጫፍ የእንስሳት ሐኪም አለች፤ ጎበዝ ናት የሚሏት ወጣት። እትዬ ሳሙና ግን ፊቷ ልውጥ አለ።

ምክንያት ነበራት። ሐኪሟ የድሮ ደንበኛዋ ናት። አንድ ቀን ነጭ ጋዋኗን ሰጥታት፣ እትዬ ሳሙና ቸኩላ ከቀይ መጋረጃ ጋር አንድ ማጠቢያ ውስጥ ከተተችው። ሐኪሟ መጥታ፣ "እትዬ፣ ጋዋኔ እኮ ሮዝ ሆኗል" ስትል፣ እትዬ ሳሙና ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችውና የምትለውን አለች። ልጅቷ ጋዋኑን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ አጣጥፋ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ደጃፏን አልረገጠችም።

እና በዚያ ቀን ቡችላ ታቅፈው ሲገቡ ሐኪሟ ምን ለብሳ ብትጠብቃቸው ጥሩ ነው? ያንኑ ሮዝ ጋዋን።

ሐኪሟ ስለ ጋዋን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ኪሴን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች። "ድዱን አዩት? ነጭ ነው። እንዲህ መንጣት አልነበረበትም።" እትዬ ሳሙና በዕድሜዋ ነጭ ነገር አይታ የደነገጠችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሐኪሟ የሆዱን ፀጉር ስትከፍለው ቁንጫው ይርመሰመሳል።

"ደሙን መጥጠው ሊጨርሱት ነው። ክትባቱን አሁን አልሰጠውም፤ እንዲህ የደከመ ገላ አይቀበለውም። መጀመሪያ ቁንጫው ይጥፋ፣ ያገግም።" ከትንሽ ቱቦ ጠብታ አውጥታ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ቆዳው ላይ አፈሰሰችለት። "ይሄ ዘይት መስሎ ይቆያል፤ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። እስክልዎት ድረስ ውሃ እንዳይነካው። ሰማሁ ይበሉኝ።"

"ሰምቻለሁ" አለች እትዬ ሳሙና።

ሰምታለች። ያን ቀን ጨክና ዋለች። በማግሥቱ ጠዋት ግን ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ኪሴ ጀርባ ላይ ሲያርፍ፣ በትከሻዎቹ መሃል ፀጉሩ ተጣብቆ፣ ወዝቶ፣ ያብለጨልጫል። እድፍ! ደግሞ የዘይት እድፍ! አለፈችው። ተመልሳ መጣች። ፊቷን አዞረች። "ገላውን አላጥበውም፣ ተከልክያለሁ" አለች ለራሷ፤ ይህን እያለች እጇ ማስለቀቂያውን ሳሙና ጨርቅ ጫፍ ላይ ቀብቷል። ለብ ባለ ውሃ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ጠርዝ እንዳይተው ቀስ እያለች፣ ልክ እንደ ሐር ሸሚዝ። ጥርት ብሎ ለቀቀ። ደስ ብሏት ዞር ስትል ባሏ ካውያውን እንደያዘ ከኋላዋ ቆሟል። ምንም አላለም። ዝም አይነቅዝማ!

ቀናት አለፉ። ቁንጫው በአንሶላው ላይ ይፈናጠር ጀመር፤ ኪሴ ወተቱን መላሱንም ተወ። ተያይዘው ሐኪሟ ዘንድ ሮጡ።

ሐኪሟ ድዱን ገልጣ ግንባሯን ቋጠረች። "ብሶበታል። ጠብታው ጨርሶ አልሠራም። ውሃ ነክቶታል እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም!" አለች እትዬ ሳሙና። በዚያ ብታበቃ ጥሩ ነበር፤ ምላስ ግን የለመደውን አይተውም። "ቁንጫው እንደሆነ ሲመጣም እንዲህ ነበር።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻትና፣ የሮዝ ጋዋኗን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ ወደ መድኃኒት ሳጥኑ ሄደች።

"እንግዲያው ልንገራችሁ" አለች ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው። "ጠብታው ታጥቦ ቢሆን ኖሮ እሱኑ እደግምለት ነበር። በላዩ እያለ ከደረብኩበት ግን ይመርዘዋል። የቀረኝ የሚዋጥ ክኒን ነው። ለእንዲህ ላለ ኮሳሳ የተሠራ አይደለም፤ ሊገድለው ይችላል። ዝም ብንለውም ይሞታል። ስለዚህ ቆርሼ እሞክራለሁ።" ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ምላጭ አነሣች።

እትዬ ሳሙና ወደ ባሏ ዞረች። እሱ የጣሪያውን አምፑል ትክ ብሎ ያያል፤ ላቡ ግን በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት ለሌላ ሰው ይሆናል እንጂ፣ የእሷ በዚያች ቅጽበት አፏ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከብዷል። አውጥታ ብትናገር ከዚያ በኋላ ምን ፊት ይኖራታል? ለዚያውም ለዚህች ልጅ! ለዚያውም ያን ጋዋን ለብሳ! ኪሴ ዐይኑን ሳይከፍት በአፍንጫው የሽርጧን ጨርቅ እየዳበሰ ኪሷን ፈለገ።

ምላጩ ክኒኑን ነካ።

"ቆይ!" አለች። "ቆይ፣ ዶክተር። ታጥቧል።"

"ማን አጠበው?"

የከበደችው ይህቺ ነበረች። በእትዬ ሳሙና ቤት ልብስ ሁሉ ራሱ ነው የሚተለተለው፣ ራሱ ነው የሚያጥረው።

"እኔ" አለች። "እኔ ነኝ። እንዳላጥበው ነግረሽኝ፣ እየሰማሁ፣ እያወቅሁ። ዘይቱን ሳየው እጄ አላስችል አለኝ።" ከዚያም ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ባሏ አምፑሉን ትቶ፣ የማያውቃትን ሴት የሚያይ ይመስል አፍጥጦ አያት።

ሐኪሟ ምላጩን አስቀመጠች። ክኒኑን ወደ ሳጥኑ መለሰች፤ ትንሿን ቱቦ ይዛ መጣች። "እንኳን ነገሩኝ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ጠብታውን አፍስሳ ስትጨርስም፣ "አሁን እርስዎን እጅዎን አስሬ ብልክዎት ነበር የሚሻለኝ" አለች። እትዬ ሳሙና እያለቀሰች ሳቀች።

ያን ሰሞን እድፉን እንዳታየው ኪሴን ጨርቅ ደርባ፣ ባሏን ዘበኛ አቁማ፣ ጥርሷን ነክሳ ከረመች። ቁንጫው እየረገፈ አለቀ። አንድ ጠዋት ኪሴ ከአንሶላው ክምር ላይ ዘሎ ወርዶ፣ የአንድ ደንበኛ ካልሲ ነክሶ ሲሮጥ፣ ከኋላው እየጮኸች ያሳደደችው በምን ደስታ እንደሆነ እሷና ባሏ ያውቃሉ።

ለክትባቱ ሲመለሱ ሐኪሟ ከንፈሩን ገለጠች። "አዩት?" አለች ፈገግ ብላ። "ሮዝ ሆኗል።"

እትዬ ሳሙና አየች። ድዱንም አየች፣ ከአጠገቡ ያለውን ሮዝ እጅጌም አየች። መርፌው ሲገባ ኪሴ አንዴ ጮኸና ብብቷ ውስጥ ተወሸቀ። ሐኪሟ ሌላ ዙር እንደሚቀረው፣ እስከዚያ መንገድ ላይ እንዳይለቁት ነገረቻቸውና ካርዱን ሰጠቻቸው። ተመሰጋገኑ። ባልየው ቡችላውን ተቀብሎ ወጣ፤ እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ምነው፣ የረሱት ነገር አለ?" አለች ሐኪሟ።

"ጋዋንሽ" አለች እትዬ ሳሙና። "ሲመጣ ነጭ ነበር።"

ሐኪሟ ቁልፎቿን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታች፤ ጋዋኑን አወለቀችና ሰጠቻት።