ክብሪት ያልያዘ እጅ

የፍራሽ ቤቱ ሠራተኞች «ቀስታ» ብለው የሰየሟት በከንቱ አይደለም። ሲሮጡ «ቀስ በሉ»፣ ሲጎርሱ «ቀስ በሉ»፣ ሲያወሩ እንኳ «ቀስ አድርጋችሁ አውሩ፣ የሚያባርራችሁ የለም» የምትል ሴት ነበረች። እና እሳቱ ከእሷ እጅ ተነሣ ሲባል ግራ ያልተጋባ ሰው አልነበረም። ከሁሉም በላይ ግን ግራ የገባት ራሷ ነበረች።

ሥራዋ ስፖንጅ ማልበስ ነው። ቆራጩ ስፖንጁን በልክ ቆርጦ ያቀብላታል፤ እሷ ዳር ዳሩን ማስቲሽ ትቀባና ጨርቁን ስባ ታለብሰዋለች፤ በመጨረሻም በላስቲክ ትጠቀልለዋለች። በዚህ ሥራ ጠጉሯ ሸብቷል፤ ጉድ የሚባል ነገር ግን ገጥሟት አያውቅም። በዚያ ሰሞን የለመዱት የጥጥ ጨርቅ ቀርቶ የሚያብረቀርቅ ናይለን መምጣት ጀመረ። ዝናቡ ከቆመ ሰንብቷል፤ አየሩ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነው። በዚያ ላይ ባሏ «ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ እየዋልሽ ወገብሽን ጨረስሽው» ብሎ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ ገዝቶላታል። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ማን ያስባል?

መጀመሪያ የበሩ እጀታ ነዘራት። የሆነ ሽቦ ተልጦ ነው ብላ አለፈችው። በማግስቱ መቀሱ ነዘራት። ከዚያ ደግሞ የውሃ ቧንቧው። እዚህ ላይ ቆም ብላ ቧንቧውን አየችው፤ ከግድግዳ ወጥቶ ወደ መሬት የሚገባ ብረት እንጂ ሽቦ የሚባል አጠገቡ የለም። የስፖንጁ ፍርፋሪም ቀሚሷ ላይ ይለጠፋል፤ ስታራግፈው እጇ ላይ፣ ከእጇ ስታራግፈው ክንዷ ላይ ይሄዳል።

«ምነው እትዬ ቀስታ፣ ቆነጠጥሽኝ እኮ» አላት ቆራጩ አንድ ቀን፣ መቀሱን ስታቀብለው።

«የት ነክቼህ?»

«ሳትነኪኝ ነዋ የገረመኝ።»

ቤትም ቢሆን አልተዋትም። ማታ ሹራቧን ስታወልቅ ደረቅ ቅጠል የተረገጠ ይመስል ይንጣጣል። ጡረታ የወጣ ሾፌር የሆነው ባሏ፣ አንገትጌውን ልታስተካክልለት እጇን ስትዘረጋ ጆሮውን ይዞ ዘለለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽብኝ መጣሽ?» አላት። እሷም ሳቀች። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስቅ ነገር ነበር።

እሳቱ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ለትልቅ ፍራሽ የሚሆን ናይለን ከጥቅሉ ላይ በረጅሙ ስባ አወጣች፤ ስፖንጁ ላይ አሻሽታ ዘረጋችው። ከዚያ ብሩሹን ለማንሣት ወደ ማስቲሹ ጣሳ ጎንበስ አለች። ጣቷ ጣሳውን ገና ሳይነካ «ጠሽ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ ብርሃን አየች። ወዲያው ጣሳው አፍ ላይ ነበልባል ቆመ። ቆራጩ እርጥብ ጆንያ ጎትቶ ባይደፋበት ኖሮ ስፖንጅና እሳት ምን እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። አንድ ፍራሽ ተቃጠለ፣ የቀስታም እጅጌ ተለበለበ። ሰው ግን አልተጎዳም።

አለቃው ሮጦ መጣ። «ክብሪት የጫረው ማነው?»

«ክብሪት የጫረ የለም፣ ጋሼ» አለች ቀስታ።

«ታዲያ እሳቱ በራሱ ጊዜ ተነሣ?»

«በራሱ ጊዜስ አልተነሣም። ከጣቴ ነው የተነሣው።»

ውሸት ብትናገር ይሻላት ነበር። አለቃው ትኩር ብሎ አያት። ኪሷን ገለበጠችለት፤ ክር፣ ቁልፍና አንድ ከረሜላ ወጣ። እሱም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቤትሽ ተቀመጪ አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከጣቷ እሳት የሚወጣ ሴትዮ ስፖንጅ መሃል ማቆም ማንም አይደፍርም።

ቤቷ ተቀምጣ እጇን እያገላበጠች ታየው ጀመር። ያው የድሮ እጇ ነው። እህቷ ልትጠይቃት መጥታ «ደምሽ ፈልቶ ይሆናል፣ ሐኪም ይይሽ» አለቻት። ጎረቤቷ ደግሞ «ስለ ኤሌክትሪክ አብዝተሽ አታስቢ፣ የሚያስቡትን ነው የሚይዘው» አለች። ቀስታ ሁለቱንም አመነች፣ ሁለቱንም ተጠራጠረች። ሌሊቱን አልጋው ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታድር ጀመር። ባሏ አንድ ሁለት ቀን ታገሠ፤ በኋላ ግን አላስችለው አለ።

«ምን በድዬሽ ነው የምትሸሺኝ?»

«አልሸሸሁህም።»

«ትንሽ ብትገፊ እኮ ጎረቤት ቤት ትገቢያለሽ።»

«እንዳላቃጥልህ ፈርቼ ነው» አለችው።

ሰውየው ጠዋት ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰና ፍራሽ ቤቱ ሄደ። አለቃውን «ሚስቴ ውሸት አትችልበትም። የመብራት ሠራተኛ ጥራ፤ አልጠራም ካልክ እኔ ይዤ እመጣለሁ» አለው።

የመብራት ሠራተኛው ትንሽ ቦርሳ የያዘ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ሽቦውን ሁሉ በቴስተር ፈተሸ፤ ደህና ነው። ጣሳውን፣ ጠረጴዛውን፣ በሩን ሞከረ፤ ምንም የለም። ማስቲሹን በሙሉ ወደ ውጭ አስወጣና ዋናውን ማጥፊያ አጠፋ። ቤቱ ጭልም አለ፤ ማሽኖቹም ቆሙ።

«በዪ እህቴ፣ የዚያን ቀን እንዳደረግሽው አድርጊ።»

ናይለኑን ሳበች፣ ስፖንጁ ላይ አሻሸች፣ ወደ ባዶው ጣሳ እጇን ዘረጋች። «ጠሽ።» በጨለማው ውስጥ ብልጭታውን ሁሉም አዩት። አለቃው ወደ ማጥፊያው ዞሮ ተመለከተ፤ እንደጠፋ ነው።

«መብራት በሌለበት ቤት ኤሌክትሪክ ከየት መጣ?» አለ።

ሠራተኛው ናይለኑን ደግማ እንድታሻሽ አደረገና የራሱን ጣት ዘረጋላት። ስትነካው ክንዱን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ የስፖንጅ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ይሄ ከሽቦ የመጣ አይደለም፤ ከመተሻሸት የመጣ ነው» አላት። «በማንኛውም ነገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቻርጅ አለ፣ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ። እኩል ስለሆኑ አይታወቁም። ናይለኑና ስፖንጁ ሲፋተጉ ግን አንዱ ከሌላው ይወስዳል። ያኔ አንዱ ጋ ይተርፋል፣ አንዱ ጋ ይጎድላል።»

«እኔ ጋስ?»

«አንቺም መሃል ገብተሻል። ጫማሽ ጎማ ስለሆነ ወደ መሬት አይለቀውም፤ አየሩም ደረቅ ነው። ሰውነትሽ ላይ ይጠራቀምና ብረት ሲያገኝ ዘሎ ይወጣል። የማስቲሹ ትነት ደግሞ ለመቀጣጠል ይህችን የምታህል ብልጭታ ትበቃዋለች።»

ከላስቲኩ ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ቀዶ በናይለን አሻሻቸውና ጎን ለጎን አንጠለጠላቸው። እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ተገፋፍተው ተራራቁ። አንደኛውን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋው ሄዶ ልጥፍ አለ።

«አንድ ዓይነት ቻርጅ ይገፋፋል፤ የተለያየ ይሳሳባል» አለ።

«በሰው ግን የሚጣላው የተለያየው ነው» አለች ቀስታ። «ደግሞስ ግድግዳውን ማን አሻሸውና ነው የሳበው?»

ሰውየው ራሱን አከከ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቻርጅ ወዲያና ወዲህ ፈቀቅ እንደሚል፣ የሚሳበውም ቀረብ እንደሚል ሊያስረዳት ሞከረ። እሷም አንገቷን ነቀነቀች፤ የገባት ግን እኩሌታው ነው። «እሺ፣ ለምንድን ነው አንደኛው ሰጪ፣ አንደኛው ተቀባይ የሚሆነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱን እኔም በደንብ አላውቀውም» አላት።

ይህ መልስ ከሁሉም የበለጠ አረጋጋት፤ ለምን እንዳረጋጋት ግን አልገባትም።

በዚያው ሳምንት የብረት ጠረጴዛው በሽቦ ታስሮ እርጥብ መሬት ላይ ከተተከለ የብረት ዘንግ ጋር ተያያዘ። ማስቲሹ የራሱ ክፍል ተሰጠው፣ ጠዋት ጠዋትም ወለሉ ላይ ውሃ ይረጭ ጀመር። ቀስታም ወደ ማስቲሹ ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ ያለባት ቻርጅ ወደ መሬት እንዲሄድ፣ ዘንጉን እንድትነካ ተነገራት። አለቃው ይቅርታ የሚለውን ቃል ባያወጣም የተለበለበውን ጋዋኗን በጥጥ ቀየረላትና «ሥራሽ ይጠብቅሻል» አላት።

ማታ ለባሏ ነገሩን ልታስረዳው ተቀመጠች። የተረፈውንና የጎደለውን፣ የሚገፋፋውንና የሚሳሳበውን እየደባለቀች ነገረችው። እሱም አዳምጦ አዳምጦ፣ «እኔ እንኳ ከመኪና ስወርድ በሩ ሁልጊዜ ይነዝረኝ ነበር። ስንት ጊዜ ባትሪ አስፈትሻለሁ መሰለሽ» አላት።

«ባትሪው አይደለማ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መቀመጫውና ሱሪህ ናቸው።»

«ሱሪዬ?» አለና ወደ ሱሪው ጎንበስ ብሎ አየ። «ሰጪው ነው ወይስ ተቀባዩ?»

«እሱን ሰውየውም አያውቀውም» አለችው፤ እጇንም ሳትሰስት ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች።