ሦስት ለወንዶቹ፣ አሥራ አንድ ለእኔ

የመንጃ ፈቃድ ፈታኙ ወንዶቹን ሦስት ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ሲያሰናብት፣ እኔን አሥራ አንድ ጠየቀኝ። ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ። ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልሳቅሁበትም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ባለቤቴ ከጀልዴሳ ገበሬዎች ሽንኩርትና ፓፓያ እየጫነ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስባት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችን። አንድ ጠዋት ሞተሯን ለማስነሳት ከፊቷ የሚሰካውን ብረት ሲያዞር፣ ብረቱ ተስፈንጥሮ ቀኝ እጁን ሰበረው። ወጌሻው ሁለት ወር መሪ እንዳይነካ አዘዘ። ገበሬዎቹም፣ “እስከ ሰኞ ካልመጣችሁ በሌላ መኪና እንጭናለን” ብለው ላኩብን።

እኔ የለማጅ ፈቃድ ካወጣሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ መንዳት እችላለሁ። ሳቢያን ሜዳ ላይ መሪ ጨብጬ አውቃለሁ። ሕጉን ግን አላውቅም። ፈተናው ዓርብ መሆኑን የሰማሁት ማክሰኞ ነው።

ጎረቤታችን ሱማሌ ሾፌር ነበር። አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ እሱ ለፈተና ሲቀርብ ሰው እያነበበለት ያጠናበት ጥያቄና መልስ የተገለበጠበት ደብተር ግን ነበረው። እኔም ከአራተኛ ክፍል ባላልፍ ማንበብ አያቅተኝም። እኔ ላነብ፣ እሱ ሊያስረዳኝ ተስማማን።

“ሽቅብ ለሚወጣ ተሽከርካሪ ቅድሚያ ይሰጣል” ብዬ አነበብኩ። “ለምን?”

“ወላሎ፣ እህቴ፣ ‘ለምን’ የሚል ደብተሩ ውስጥ የለም። መልሱን ብቻ ያዢ።”

“ምክንያቱን ካላወቅኩ አይያዝልኝም።”

“አቦ! ባልሽ እጁ የተሰበረው በሞተር ነው ወይስ ከአንቺ ጋር ሲከራከር?”

ስቆ ሲያበቃ ግን አሰበበት። “የደንገጎን ዳገት ጭነሽ ስትወጪ ከቆምሽ እንደገና መነሳት መከራ ነው። ወደ ኋላ ይጎትትሻል። የሚወርደው ግን ፍሬን ለቀቅ ካደረገ ይሄዳል።”

ደስ አለኝ። ሕግ ማለት ፖሊስ እጅ ውስጥ ያለ ዱላ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለደከመውም ያዝናል! ከዚያ በኋላ አንድም መስመር ሳልጠይቅ አላለፍኩም። ጥሩምባ ሆስፒታል አጠገብ ለምን አይነፋም? የሚለውን ራሴ መለስኩት። መታጠፊያ ላይ ለምን አይቀደምም? ጎረቤቴ ያላወቀውን ሻይ ቤት ሄዶ ሌሎች ሾፌሮችን ጠይቆ ይመጣል። “ስድቤን ጠግቤ ነው የመጣሁት፤ ሃያ ዓመት ነድተህ ይህን ትጠይቃለህ ወይ አሉኝ” ይለኛል፤ ግን መልሱን ይዞ ይመጣል።

ዓርብ ከሰባት ወንዶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። እያንዳንዱ ሦስት ተጠየቀ፤ ማኅተም ተመታለት፤ ወጣ። አንዱ ሁለቱን እየተንተባተበ ነበር የመለሰው።

ፈታኙ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው። ሦስቱን ጥያቄ ከነምክንያታቸው መለስኩለት። ብዕሩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ።

“የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ሆኖ ሳለ ጎርፍ መምጣቱን በምን ታውቂያለሽ?”

ይህ ደብተሩ ውስጥ አልነበረም። “እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ተራራው በኩል ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አልገባም፤ በድልድዩ እዞራለሁ” አልኩት።

“ገብተሽ መኪናው አሸዋ ውስጥ ቢቀረቀርስ?”

“ከላይ ድምፅ ከሰማሁ መኪናውን ትቼ እሮጣለሁ።”

አሸዋው የት ላይ ጠንካራ እንደሆነ፣ ውሃው ከወረደ ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት፣ ደንገጎን ሲወጡ ሞተር ቢፈላ የት እንደሚቆም፣ ሌላም ሦስት ጨምሮ አከታትሎ ጠየቀኝ። ፈቃዱን ይዞ ገና ያልሄደ አንዱ በር ላይ ሆኖ፣ “ኧረ ይቺ ሴትዮ ሾፌር ሳይሆን ዳኛ ልትሾም ነው!” ሲል ሰማሁ። እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር።

አሥራ አንደኛውን ከመለስኩ በኋላ ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ሰኞ ጀልዴሳ የምታደርሰኝ ወረቀት እሷ ናት፤ ግን እጄን አልዘረጋሁም።

“ጌታዬ፣ ወንዶቹን ሦስት፣ እኔን አሥራ አንድ። ሴት ስለሆንኩ ነው?”

ፊቱ ቀላ። ተነስቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

“ሦስቱ የፈተናው ናቸው” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የቀሩትን ለራሴ ነው የጠየቅኩሽ። ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ሰጥተውኛል፣ ደቻቱን ግን እፈራዋለሁ። ወንዶቹን ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ።”