የገበጣው ጥቁር ጠጠር

አበዛሽን በጂንካ የቅዳሜ ገበያ የማያውቃት የለም። ከጓሮዋ እንሰት የሠራችውን ቆጮ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ገዢው ዋጋ ሲጠይቃት እሷ ደግሞ የራሷን ትጠይቀዋለች። «ይሄ ያደረግከው ጫማ ጎማው የምን መኪና ነበር? ከየት መጣ?» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ቆጮውን ጥሎ ይሄዳል። ባሏ ዳርጌ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና በዚህ ጠባይዋ ተቃጥሏል። «አንቺ ሴትዮ፣ ስትጠይቂ ድስትሽ አረረ» ይላታል። ድስቱስ እውነት ነው፣ ስንት ጊዜ አርሯል።

ነገሩ የጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው። አራተኛ ክፍል ሳለች መምህር ጸጋዬ በቆሎም፣ ድንችም፣ በርበሬም ድሮ ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው ብለው አስተማሩ። በርበሬ! ያለ እሱ ወጥ ወጥ የማይባለው በርበሬ መጤ ኖሯል! ትንሿ አበዛሽ እስከ ቤቷ በሩጫ ደረሰች። «እማ፣ በርበሬ እኮ እንግዳ ነው!» እናቷ ቀና ብላ አየቻትና «እንግዳ ከሆነ ታዲያ ባለቤቱን ምን ያቃጥለዋል?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ አበዛሽ የነገር ሁሉ መነሻ ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። የራሷ ጓሮ ነገር ግን አልፈታ ብሏት ቆየ። እዚያ ካለው ዋንዛ ዛፍ ሥር ማንም ያልተከላት አንዲት እንሰት በቀለች። በጂንካ ዙሪያ የምትኖር የአሪ ሴት እንሰት የምታራባው ጉቶውን ቀብራ ችግኝ በማውጣት ነው፤ የምትቆርጠውም ሳያብብ ስለሆነ ጓሮዋ ውስጥ የእንሰት ፍሬ የሚባል ነገር የለም። ይቺ ታዲያ ከየት መጣች? አበዛሽ አዛውራ ተከለቻት፣ ዓመታትም ሲያልፉ አራባቻት። ቆጮዋ ነጭ ሆነ፣ ለስላሳ ሆነ፤ ገዢዎች ከሌላው ለይተው «የዚያችኛዋን ስጪን» ማለት ጀመሩ። በአሪ የእንሰት ዓይነት ሁሉ ስም አለው፤ የእሷ ብቻ ስም አልባ ሆና ቀረች።

በ2014 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ከስብከት በኋላ፣ ዳርጌ ለምእመናን ተናገረ። «ነገ ጠዋት መጥረቢያና ገጀራ ይዛችሁ ኑ። ከወንዙ በላይ ያለውን የድሮ አምልኮ ቦታ መንጥረን ለቤተ ክርስቲያን በቆሎ እንዘራበታለን።»

ያ ቦታ በአያቶች ዘመን እንሰት የማይቆረጥበት ክልክል ነበር። አማኝ የሆነው ትውልድ ደግሞ የሰይጣን ነው ብሎ ራቀው። አበዛሽም አንድ ቀን ረግጣው አታውቅም። ነገ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዛሬ ሳታየው እንዴት ትደር! ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ገባች።

ገብታም ደርቃ ቀረች። ዱር በቀል እንሰት ነው፣ ሰው ያልነካው! አንዱ አብቧል፣ አንዱ ትንንሽ ሙዝ የመሰለ ፍሬ አንዠርግጓል። ጦጣ አናቱ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። አበዛሽ የወደቀ ፍሬ አንስታ ፈለቀቀችው። ከውስጡ ጥቁር፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዘር ወጣ።

ታውቀዋለች! ልጇ ቤቲ ከዋንዛው ሥር እየለቀመች ገበጣ የምትጫወትበት ጠጠር ነው! ያ ዋንዛ የጦጣ ማረፊያ ነው፤ እዚህ በልታ እዚያ ትጥላለች። ይህን ሁሉ ዓመት ዘር ይዘው ጠጠር ሲሉት ኖረዋል! አበዛሽ ዱሩ ውስጥ ብቻዋን እልል አለች።

ሰኞ ጠዋት ሰዎቹ ሲመጡ የቤቲን ገበጣ ታቅፋ መግቢያው ላይ ቆማለች። ዳርጌ በሰው ፊት አፈረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ። የሰይጣን ቦታ ነው።»

«ሰይጣን ከመቼ ወዲህ ነው ቆጮ የሚዘራው?»

«ጠላት በስንዴ መካከል እንክርዳድ ዘራ ይላል ቃሉ።»

«ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ አስጨምረህ የበላኸው ቆጮ እንክርዳድ ነው?» ብላ ጥቁሩን ዘር ከገበጣው ዘገነችና መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ከየት እንዳገኘችው፣ ጦጣዋ የት እንደምትጥለው፣ አንድ በአንድ ነገረችው። «የጓሮአችን እንሰት እናት እዚህ ናት። ዛሬ ከቆረጥካት ሁለተኛ አዲስ ዓይነት አይመጣልንም። ለእንግዳው ለበቆሎ ስትል ባለቤቱን ልታባርር ነው?»

ከሰዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ቦሼ ቀረብ ብለው አንዷን ዘር አነሱ። «በዚህ እኔም ልጅ ሆኜ ተጫውቼአለሁ» አሉ። ዳርጌ መዳፉ ላይ ያለውን ዘር ወደ ገበጣው መለሰ። «ቦታውን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» አለ በመጨረሻ። «በያዛችሁት ገጀራ ለዚህ ቦታ አጥር የሚሆን እንጨት ቁረጡ።»

በበልጉ ዝናብ አንድ ቀን አበዛሽ ወጥ እየሠራች ሳለ ከጓሮ ጩኸት ሰማች። «አበዛሽ! ቶሎ ነይ! ሩጪ!» እባብ መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች። ዳርጌ ከዋንዛው ሥር በጉልበቱ ተንበርክኳል፣ የእሑድ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከፊቱ ሁለት ቅጠል ያወጣች፣ ግንዷ ደም የመሰለ፣ ማንም አይቷት የማያውቅ እንሰት ቆማለች። ዙሪያዋን ፍየል እንዳይደርስባት በድንጋይ ከቧታል።

«ይቺ ደግሞ» አለ ዳርጌ ዓይኑ እየበራ፣ «ከየት መጣች?»

አበዛሽ ዱላዋን ጥላ አጠገቡ ተንበረከከች። ወጡ ቤት ውስጥ አረረ፤ ሽታው ጓሮ ድረስ መጣ። ከሁለቱ የተነሳ ግን የለም።