ሰባት ሕያው፣ አርባ ሙት

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የታሰርኩበት ክፍል ከሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያ ጀርባ ነበር። ቀድሞ የእህል ማከማቻ ስለነበር የጤፍ ብናኝ ይሸታል። እህል በጠፋበት ዓመት እዚያ መታሰር በራሱ ቅጣት ነው። አብረውኝ የታሰሩት ወደ ኒሯቅ በሚወርደው ቁልቁለት መንገድ የመሩኝ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ዘበኞቹ ጥፋታቸውን ሲጠይቋቸው፣ "ከመምህሩ ጋር ድንጋይ ስገለብጥ ተገኘሁ" ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው። የሳይንስ መምህር ነበርኩ፤ በበሃ ድንጋይ ስንጥቅ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎችን እየለቀምኩ በየወገናቸው እለያለሁ። ለቅርፊታቸው ኖራ ስለሚሹ ከበሃው አይርቁም። በደብተሬ ከየገደሉ ስም ሥር ያገኘሁትን እጽፋለሁ፦ "ሰባት ሕያው፣ አርባ ሙት።" ፖሊሶች ያን ደብተር አገኙት።

"በረሃብ የሞተውን ቁጠር ብሎ የላከህ ማነው?" አለኝ መቶ አለቃው። ሦስት ቀን ይህንኑ ጠየቀኝ። ከግርፋቱ ውስጥ እግሬ አብጦ መቆም አቃተኝ። በአራተኛው ቀን የለቀምኳቸውን ካኖርኩበት፣ ከደብተሩ ጋር ከተወሰደብኝ ሣጥን አንድ ቀንድ አውጣ አስመጣሁ፤ በጋውን ለማለፍ አፉን በነጭ ስስ ሽፋን ደፍኗል። ጣሳ ውስጥ ውሃ አድርጌ አስቀመጥኩት። ብዙ ቆየ። በኋላ ሽፋኑን ገፍቶ ቀንዶቹን አወጣ። መቶ አለቃው ሳቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ እኔም ሳቅሁ፤ ሞኝ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዞ መጣ። "የቆጠርኩት ቀንድ አውጣ ነው። በመንገዴ በረሃብ የሞተ ሰው አላየሁም" ይላል።

"ፈርሙና ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ" አለን።

አልዋሽም፣ ብዕሩን ተቀብዬ ነበር። በመንገድ ዳር ያየኋቸውን ሬሳዎች ረስቼ አይደለም፤ ቤቴ ናፍቆኝ ነው።

"ምን ይላል መምህር?" አሉኝ ሽማግሌው። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው።

"ወንድሜን በነዚህ እጆቼ ቀብሬው የመጣሁ ሰው፣ አልሞተም ልበል?" አሉና አውራ ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

ሁለተኛዋን መስመር ሰርዤ ፈረምኩ። መቶ አለቃው ወረቀቱን ቀዶ በሩን ዘጋብን።

በክረምቱ መጨረሻ ያለ ምንም ወረቀት ለቀቁን። ሽማግሌውን በዚያ ክፍል እርጥበት የያዛቸው ሳል ግን ሳይለቃቸው ቀረ። ለልቅሶ ስሄድ ሴት ልጃቸው፣ "አንዲት መስመር አይደለች? ምን ነበረበት እርስዎ ቢፈርሙ?" አለችኝ። አባትሽ እምቢ ብለው ነው ልላት ፈልጌ አፈርኩ።

አሁን አርጅቻለሁ። ያችን ወረቀት ዛሬም ቢሰጡኝ መስመሯን እሰርዛታለሁ፤ ልጅቷን ግን ዛሬም ቀና ብዬ ማየት አልችልም።